አስራ አራት የወረቀት ሽክርክሪት

ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ሃያ ሴት እያየችው፣ ከልጆቹ ክፍል በር ሥር በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። ያንበረከከችው እትዬ ቶሎ ናት። አልገፋችውም፤ አልለመነችውምም። አንድ ወረቀት ነው ያሳየችው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

እትዬ ቶሎ የምትሠራው ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ ነው። የሆቴል አንሶላ፣ የሆስፒታል ብርድ ልብስ፣ የምግብ ቤት የጠረጴዛ ጨርቅ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ በጭነት መኪና ይሄዳል። ሃያ ሁለት ዓመት በካውያ ተኩሳለች። ወገቧ "በቃኝ" ሲል የልጆቹን ክፍል ሰጧት። የሠራተኞቹ ልጆች እናቶቻቸው ከሥራ እስኪወጡ የሚውሉባት ክፍል ናት፤ አስራ አራት ልጅ፣ ከሁለት ዓመት እስከ ስድስት። ድሮ የሳሙና መጋዘን ነበረች። አንድ መስኮት አላት፤ እሱም ጎረቤት ሕንፃ ሲሠራ ግንብ ተደቅኖበት አይከፈትም። አየር የሚያስገባላት ከጣሪያው ሥር፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ ብቻ ነው።

ስሟን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። "ቶሎ ልበስ፣ ቶሎ ዋጥ፣ ቶሎ ተኛ" ከማለት ሌላ አታውቅም። እናቶቹ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" እያሉ ሲተርቧት፣ "እኔ አፍስሼም ለቅሜም ከእናንተ ቀድሜ እጨርሳለሁ" ትላለች። ጨርሳም ታሳያለች።

ከሁለት ወር ወዲህ ግን አንድ ነገር አልጨረስ አላት። የልጆቹ ሳል። መጀመሪያ ድንቡሼን ያዘው፤ የሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ጉንጩ ከፊቱ ቀድሞ የሚገባ። ቀጥሎ ሌላዋን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ስምንት ደረሱ። ጠዋት ደህና ሆነው ይገባሉ። ከሰዓት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ጉሮሯቸው ተልጦ ይወጣሉ። እትዬ ቶሎ ግድግዳ አጠበች፣ መጫወቻ ቀቀለች፣ የእያንዳንዱን ልጅ ጥፍር ቆረጠች። ሳሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወርዶ አያውቅም። ወሬው ግን ወጣለት። ዓርብ ዕለት በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "በንፅህና ጉድለት ምክንያት የልጆች ማቆያው ከመጪው ዓርብ ጀምሮ ተዘግቶ ወደ ሳሙና መጋዘንነት ይመለሳል።"

እትዬ ቶሎ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መዘጋቱ አንድ ነገር ነው። "የንፅህና ጉድለት" የሚለው ግን ሥጋዋ ውስጥ ገባ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ አይደል? ወለሉ ላይ ምግብ ቢወድቅ አንስቶ የሚበላበት ክፍል ነው!

እናቶቹ በየማሽኑ ሥር ተሰበሰቡ። አንዷ ካውያ ክፍል የምትሠራ ናት፤ ባልም ዘመድም አጠገቧ የለም፣ ያላት አንዲት ሴት ልጅ ናት።

"ልጄን የት ላስቀምጣት?" አለች። "ካውያው ላይ?"

"ጎረቤት የለሽም?"

"ጎረቤቴ የራሷን ልጅ እኔ ጋ ነው የምትጥለው።" አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። "ዓርብ ይሄ ክፍል ከተዘጋ ቅዳሜ እኔም የለሁም። በቃ።"

ዘጠኝ ሴቶች "እኔም" አሉ። ሁሉም ደግሞ እትዬ ቶሎን አዩዋት። አንድ ነገር አድርጊ ማለታቸው ነው። ምን ታድርግ? ሳል በመጥረጊያ አይጠረግ።

መጀመሪያ ያሰበችው ማራገቢያውን ነው። የድርጅቱን ኤሌክትሪሺያን ጠራችው። እሱ ራሱን "ኢንጂነር" ይላል፤ ሴቶቹ "ኢንጂነር ነገ" ይሉታል፣ ምን ቢጠይቁት "ነገ" ስለሚል። ቶሎ እና ነገ እንዴት እንደሚግባቡ እንግዲህ እግዜር ይወቀው። መጣ፤ ሥሩ ቆመና ጆሮውን ወደ ላይ አዞረ።

"ትሰሚያለሽ፣ እትዬ?"

"እሰማለሁ።"

"ምን ይላል?"

"ዥዥዥ ይላል።"

"በቃ፣ ይሠራል።" መፍቻውን ኪሱ ከተተ። "ከሁለት ወር በፊት ሞተሩን አውርጄ፣ ሽቦውን ጠምጥሜ፣ በእጄ የሰቀልኩት ነው። ከአዲስ ይበልጣል።"

ሄደ። ማራገቢያው ዥዥዥ እያለ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ቶሎ ልጆቹን አየቻቸው። ስምንቱን ሳል ያንፈራፍራቸዋል፤ ስድስቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ዓርብ የሚዘጋ ክፍል ከሆነ፣ አለች በሆዷ፣ እንግዲህ ይጫወቱበት።

"ኑ! ቶሎ! ዛሬ ነፋስ እንሠራለን!"

"ነፋስ አይሠራም" አለች ጠበቃዋ።

ጠበቃዋ የዚያች የካውያ ክፍሏ ሴት ልጅ ናት። አምስት ዓመቷ ነው። ሳትከራከር ውሃ አትጠጣም።

"እሺ፣ የነፋስ መጫወቻ።"

"እሱ ይሠራል።"

ወረቀት ሞልቷል። በየጆንያው ላይ የማን ልብስ እንደሆነ የምትለይ ካርድ ትንጠለጠላለች፤ ለሆቴል ቢጫ፣ ለሆስፒታል ሰማያዊ። ከሁለቱም ቀለም አንዳንድ እሽግ ማተሚያ ቤት አበላሽቶት ጥግ ተጥሏል። ጠንከር ያለ ወረቀት ነው፣ ግን ይታጠፋል። ስፒል ከካውያ ክፍል አመጣች። ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ ከጽሕፈት ዕቃ ሳጥን አወጣች። ሽክርክሪቱ እርሳሱን እንዳይነካ መሃል የሚገባ ነገር ፈለገች፤ ከልብስ ላይ እየወለቀ ባለቤት ያጣ የሸሚዝ ቁልፍ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አለ። እሱም አለቀለት።

"ከጥግ እስከ ጥግ እጠፉ። ክፈቱ። በሌላውም ጥግ። ክፈቱ። ምን ሆነ?"

"ኤክስ!"

"ጎበዞች። አሁን ኤክሱ ላይ ከየጥጉ ወደ መሃል ቁረጡ። መሃል ሳትደርሱ ቁሙ። ቁሙ ብያለሁ!"

ድንቡሼ አልቆመም። መቀሱ አንዴ ከተነሳ እንደ ቁልቁለት መኪና ነው። አራት ቁራጭ ወረቀት በሁለት እጁ አንስቶ አሳያት፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

"አለቀ" አለ።

"ታድለህ፣ አራት ሆነልህ እኮ" አለች ጠበቃዋ።

"አንቺ አፍሽን!" እትዬ ቶሎ ሌላ ወረቀት ሰጠችው፤ የራሷን ሌባ ጣት ደግሞ መሃሉ ላይ ተከለች። "አሁን ቁረጥ። መቀሱን አትይ፣ ጣቴን እይ። ጣቴን ከቆረጥክ ዋ! ማን ያበላሃል?"

ምላሱን አውጥቶ ቆረጠ። አንድ ጥግ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በአራቱም ከጣቷ ፊት ቆመ። ከዚያ ወዲህ ማንም ልጅ መሃሉን አልቆረጠም፤ ሁሉም የራሱን ጣት ሳይሆን የጎረቤቱን ጣት እየተከለ።

ጫፎቹን አንዱን እየዘለሉ ወደ መሃል ማምጣት ነው፣ ሳይጨፈልቁ። መያዝ፣ ስፒል መውጋት፣ ቁልፉን ማሳለፍ፣ ላጲሱ ላይ መሰካት። የመጀመሪያውን እትዬ ቶሎ ራሷ ወጋችው፣ በካውያ ክፍል እጅ፣ ጥብቅ አድርጋ። ነፋችበት። ንቅንቅ አላለም።

"ቶሎ ቶሎ ስላደረግሽው ነው" አለች ጠበቃዋ።

እትዬ ቶሎ ስፒሉን ትንሽ መለስ አደረገችው። ነፋችበት። ፍርርር አለ።

አስራ አራቱ ሲያልቁ በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ለቀቀቻቸው። ሮጡ። ቢጫና ሰማያዊው ተደባልቆ አረንጓዴ ሆነ። አንሶላ የሚገፉት ሴቶች ጋሪያቸውን አቁመው ሳቁ። ግን ምን ያደርጋል፣ ሩጫው ሳላቸውን ቀሰቀሰው። ድንቡሼ ግድግዳ ተደግፎ ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ ሳለ። ሰብስባ አስገባቻቸው፤ በሩን ዘጋች።

"ሳንሮጥ ይዙርልን" አለች ጠበቃዋ።

"ሳትሮጡ በምን?"

"በማራገቢያው። ሥራው አይደል እንዴ?"

እውነቷን ነው። እትዬ ቶሎ ወንበር ላይ ወጣች። የድንቡሼን ቢጫ ሽክርክሪት ማራገቢያው ፊት ያዘችው። አልዞረም። ቀረብ አደረገችው። አልዞረም። ይልቅ የወረቀቱ ጫፍ ወደ ማራገቢያው የሽቦ ወንፊት ተሳበና ጠፍ ብሎ ተለጠፈ። ነቀለችው። ተመልሶ ተለጠፈ።

ወንበሩ ላይ እንዳለች ወደ ልጆቹ ዞረች።

"ያቺን የተቆረጠች ወረቀት አቀብለኝ" አለችው ድንቡሼን። ከአራቱ ቁራጮች አንዱን ሰጣት። ወንፊቱ ላይ አስጠግታ ለቀቀችው። አልወደቀም። ሁለተኛውን። አልወደቀም። ሦስተኛና አራተኛውም እዚያው ግድግዳ ላይ እንደ ዝንብ ተለጥፈው ቀሩ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ።

"እትዬ፣ ለምን አይወድቁም?"

"ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው።"

"ቶሎ አስቢ!"

የሚነፋ ነገር ወረቀት ይገፋል እንጂ አይስብም። ይሄ ማራገቢያ አየር አያስገባም፤ ያወጣል። እሺ፣ የሚያወጣ ከሆነ፣ የሚገባው በየት ነው? ክፍሏ ባዶ አልሆነችም።

ከወንበሩ ዘለለች። ወገቧን ረሳችው።

"ሁላችሁም በየግድግዳው! ሽክርክሪታችሁን ያዙ! ማን ጋ እንደሚዞር እንይ! ቶሎ!"

አስራ አራት ልጅ እንደ ተደፋ ሽምብራ ተበተነ። መስኮቱ ጋ፣ የለም። ጥጉ ጋ፣ የለም። ቁም ሳጥኑ ሥር፣ የለም። ጠበቃዋ ኩርፊያ ላይ ነበረች፤ ዝም በይ ስለተባለች። በሩ ሥር በሆዷ ተጋድማ ሽክርክሪቷን ወለሉ ላይ ጥላዋለች።

"ዞረ!" ብላ ጮኸች። "እትዬ፣ የኔ ዞረ!"

"እየነፋሽበት ነው።"

"አልነፋሁም! አፌን ይዤዋለሁ!" በእርግጥም በአንድ እጇ አፏን ይዛ ነው የምትጮኸው።

እትዬ ቶሎ ጎንበስ አለች። በበሩና በወለሉ መሃል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። እዚያ ፊት ለፊት ሰማያዊው ሽክርክሪት የተቆጣ ንብ ሆኗል። በሩን ከፈተች። ፊት ለፊት፣ ከኮሪደሩ ማዶ አራት እርምጃ ላይ፣ የበረኪና ክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሆስፒታሉ አንሶላ የሚዘፈዘፍበት ነው። በርሜሎቹ ክዳን የላቸውም።

አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ ሳበች። ምንም። እንደገና ሳበች። ምንም የለም። ሃያ ሁለት ዓመት በረኪና ውስጥ ኖራ ምን ይሸታታል? አፍንጫዋ ከሷ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ከልጆቹ ጋር አብራ ሁለት ወር ሙሉ በረኪና ስትተነፍስ ከርማለች፣ አላወቀችም።

ሁለት ወር። ሞተሩ ወርዶ፣ ተጠምጥሞ፣ "በእጄ የሰቀልኩት" ከተባለ ሁለት ወር።

ኢንጂነር ነገን ማድረቂያው ሥር ሻይ ሲጠጣ አገኘችው።

"ማራገቢያህ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። ከውጭ አያስገባም፤ የኛን ይስብና በበሩ ሥር በረኪና ያስገባል።"

"እትዬ፣ ማራገቢያ የማውቀው እኔ ነኝ አንቺ?"

"ወረቀቱ ነው የሚያውቀው። ና እይ።"

"የአስር ዓመት ባለሙያ በልጆች መጫወቻ ልፈተን?"

"እይ አልኩህ እንጂ ተፈተን አላልኩህም።"

ሻይውን ጠጣ። "ነገ።"

"ዛሬ!"

"እትዬ ሙች፣ ነገ።"

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለቻት። "ነገ በምሳ ሰዓት ራሳቸው ይወርዳሉ፤ ክፍሉን ለመደርደሪያ ሊለኩ።"

"ይውረዱ" አለች እትዬ ቶሎ።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ለካውያ ክፍሏ ሴት ሹክ አለቻት። እሷ ለአጣፊዎቹ፣ አጣፊዎቹ ለማሽኖቹ ሴቶች። ምሳቸውን በየእጃቸው ይዘው መጡ። ሃያ ሴት እዚያች ክፍል ውስጥ እንደ ታጠፈ አንሶላ ተደራረበች።

ሥራ አስኪያጁ ሜትር በአንድ እጁ፣ መሃረብ በአንድ እጁ አድርጎ መጣ። መሃረቡ አፍንጫው ላይ ነው። ኢንጂነር ነገ መሰላል ተሸክሞ ከኋላው አለ፤ ለመደርደሪያው ግድግዳ ሊበሳ።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው?"

"ምሳ ሰዓታችን ነው፣ ጌታዬ" አለች አንዷ አጣፊ። "ምሳ የት እንደሚበላ ማስታወቂያ አልወጣም።"

ሳቅ። ሥራ አስኪያጁ ሜትሩን ዘረጋ። እትዬ ቶሎ ሜትሩ ላይ ቆመች።

"ከመለካትዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። ጉድለቱ የንፅህና አይደለም።"

"እማማ፣ ጉዳዩ ያለቀለት ነው።"

"የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። እኔ ራሴ ረጅም ነገር አልወድም።"

ጠበቃዋን ጠራቻት። ጠበቃዋ ሰማያዊ ሽክርክሪቷን ይዛ በሩ ሥር ተጋደመች። ሁሉም አየ። ሽክርክሪቱ ቆመ። ንቅንቅ የለም።

ኢንጂነር ነገ መሰላሉን ተደግፎ ፈገግ አለ። "አየሽ፣ እትዬ? ትላንትም ነግሬሽ ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ ሜትሩን ከእግሯ ሥር ሳበ። የእትዬ ቶሎ ጆሮ ጋለ። ትላንት ዞሯል፤ ዛሬ ጠዋትም ዞሯል። አሁን ምን ሆነ? የካውያ ክፍሏ ሴት ዓይኗን ጨፍናለች።

"በሩ ክፍት ነው እኮ!" አለች ጠበቃዋ ከወለሉ ላይ። "ማነው ክፍት የተወው? ቤታችሁ በር የለውም?"

መሰላሉ ነው። ኢንጂነር ነገ ግማሹን ኮሪደር ላይ ትቶት በሩን ይዞታል። እትዬ ቶሎ መሰላሉን ከእጁ ነጥቃ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋችው።

ፍርርርር።

"ይኸው" አለች። "ጎንበስ ብለው ይዩት።"

"ከዚህም ይታየኛል።"

"መዞሩ ይታይዎታል። የሚያዞረው አይታይም። እዚህ ድረስ መውረድ አለብዎት።"

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። ሃያ ሴት ጉርሻዋን ይዛ ታየዋለች። ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ሳብ አደረገና ተንበረከከ። ወለሉን ለመደገፍ እጁ አስፈለገው። መሃረቡ ከአፍንጫው ወረደ።

መጀመሪያ ዓይኑን ጨመቀ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ከሆዱ የሚነሳ ሳል፣ ትከሻውን የሚያርገፈግፍ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ወረደ።

"ምንድነው... ይሄ ሽታ?"

ሴቶቹ ተያዩ። "የምን ሽታ?"

"በረኪና ነዋ! አይሸታችሁም? ጉሮሮ ይልጣል እኮ!"

"እኛ በረኪና ቢሸተን ኖሮ፣ ጌታዬ" አለች ማሽን የምታጎርሰዋ፣ ዳቦዋን እያላመጠች፣ "እስከ ዛሬ አንቆይም ነበር።"

ጠበቃዋ ፊቱን በቅርብ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ እያጠናችው ነው።

"ጋሼ፣ እያለቀስክ ነው?"

"ኧረ በስማም! 'እያለቀሱ ነው' በይ!" አለች እናቷ ከኋላ።

"ስንት ሆኖ? አንድ ነው እኮ!" ጠበቃዋ ወደሱ ተመለሰች። "ዓይንህ ቀልቷል። የኛም እንደዚህ ነው የሚሆነው። በየቀኑ።"

ሥራ አስኪያጁ ተንበርክኮ እንዳለ ልጆቹን አያቸው፤ አንድ በአንድ፣ አስራ አራቱንም። ድንቡሼ በዚያች ሰዓት ሳለ። ሥራ አስኪያጁም ሳለ። ሁለቱ ተያዩ።

"ማነው ይሄን ማራገቢያ የገጠመው?"

ማንም ስም አልጠራም። አያስፈልግም ነበር፤ ሃያ ጭንቅላት ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ።

"ድምፅ ያሰማል... ይሠራል ብዬ ነው..." አለ ኢንጂነር ነገ።

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል" አለች እትዬ ቶሎ። "መሰላሉ ላይ ውጣ!"

"ነገ ጠዋት በደንብ..."

"ውጣ!" አሉ ሃያውም።

መሰላሉ ላይ ወጣ። ቆጣሪው ጋ ሄዳ መብራት ያጠፋችው አጣፊዋ ናት። ዥዥዥታው ሲሞት ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ፤ አራቱ ቁራጭ ወረቀቶችም ከወንፊቱ ላይ ተራግፈው ልጆቹ ራስ ላይ ወደቁ። ኢንጂነር ነገ ክዳኑን ፈትቶ አንገቱን አስገባ። ቆየ። ሲያወጣው ጆሮው በርበሬ መስሏል።

"ሁለቱ ሽቦዎች... ተለዋውጠዋል።"

"ራሳቸው ነው የተለዋወጡት?" አለች የካውያ ክፍሏ ሴት።

"ቀና ብለው ተሳስመው ይሆናላ!" አለች ሌላዋ።

ሳቁ ሳይበርድ ሽቦዎቹን መለሳቸው። መብራቱ በራ። ማራገቢያው ተንፈራገጠ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ውጪው አፍ ላይ ያጠራቀመውን የአንሶላ ብናኝ በአንድ ጊዜ ቡፍ አድርጎ ተፋው። ነጭ ጥጥ ሆኖ ዘነበ። ግማሹ የሥራ አስኪያጁ ኮት ላይ፣ ግማሹ የኢንጂነር ነገ ፀጉር ላይ። በአንዴ ሸመገለ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ቀዝቃዛ፣ ከውጭ የመጣ፣ ምንም የማይሸት ነፋስ። ይሄን እንኳ እትዬ ቶሎ አወቀችው፤ በአፍንጫዋ ሳይሆን ግንባሯ ላይ ላቧ ሲደርቅ።

"አንሡ!" አለች። "ቶሎ!"

አስራ አራት እጅ ወደ ላይ ተዘረጋ። ቢጫው ዞረ፣ ሰማያዊው ዞረ። የማንም አልቀረም። ድንቡሼ የሱን ከራሱ በላይ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቆመ፤ የሁለት ዓመቷ ልጅ የሷን ልትበላው ሞከረች። ሴቶቹ ምሳቸውን ጥለው አጨበጨቡ፣ ጮኹ፣ የካውያ ክፍሏ ሴት ልጇን ከወለሉ ላይ አፍሳ ትከሻዋ ላይ ሰቀለቻት። ጠበቃዋ እዚያም ላይ ሆና "እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ እሷ ማራገቢያውን ብቻ ነው" እያለች ትከራከራለች። ማንም አልካዳትም።

ሥራ አስኪያጁ ከኮቱ ላይ ብናኙን አራገፈ። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

"መደርደሪያው ይቅር" አለ።

"ማስታወቂያውስ?" አለች እትዬ ቶሎ።

"ይነሳል።"

"መቼ?"

"ነገ..." አለና የሴቶቹን ፊት አየ። "አሁን።" ራሱ በሩን ከፍቶ ራሱ ገነጠለው።

"አልጨረስንም" አለች። "'የንፅህና ጉድለት' ተብሎ ተጽፎብኛል። ሁሉም አንብቦታል። አሁንም ሁሉም ያንብብ።"

"ምን ልጻፍ?"

"የሆነውን።"

ቢጫ ካርድ ሰጠችው። ድንቡሼ እርሳሱን ከነሽክርክሪቱ አቀበለው፤ ሥራ አስኪያጁ በዚያው ጻፈ። ሽክርክሪቱ በየቃሉ ይዞራል። "ጉድለቱ የማራገቢያው ነው። ክፍሉ ንፁህ ነው። ማቆያው አይዘጋም።" ፈረመ። ከሥሩ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የበረኪና በርሜሎቹ ሁሉ ዛሬውኑ ክዳን እንዲደረግላቸው ጨመረበት። ካርዱን አጣፊዋ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አስነበቧት።

"ሌላ አለ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የለም። ይሂዱ፣ ሥራ አለብኝ።"

ሳቀ፤ የመጀመሪያው ነው። ደረጃውን ሲወጣ ሳሉ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ሴቶቹ ወደየማሽናቸው ሄዱ። እትዬ ቶሎ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ልጆቹ የሚተኙባቸውን አስራ አራት ፍራሾች አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ ግቢው አወጣችና፣ የጠጡት በረኪና እንዲወጣላቸው ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው።